የሜጀር ኮርድ በፒያኖ፦ ሦስቱ ድምፆች እኩል አይወጡልኝም፤ ከትዝታ ጋርም አይስማሙልኝም

ባለክራሩ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት። ለረጅም ጊዜ ክራር ስጫወት የቆየሁ ሰው ነኝ። በቅርቡ ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ገዝቼ ያለ አስተማሪ መለማመድ ጀምሬአለሁ። ኖታዎቹን የማውቃቸው በዶ ሬ ሚ ስለሆነ በዚሁ እጠራቸዋለሁ፤ ዶ የምለው ከሁለቱ ተጓዳኝ ጥቁር ቁልፎች በስተግራ ያለውን ነጭ ቁልፍ ሲሆን፣ ሲ የምለው ደግሞ ከዶ በስተግራ የሚዋሰነውን ነው።

ዶ ሜጀር ዶ፣ ሚ እና ሶል መሆኑን፣ በቀኝ እጅም በአውራ ጣት፣ በመካከለኛ ጣትና በትንሽ ጣት እንደሚያዝ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ሦስቱን አንድ ላይ ልጫን ስሞክር ዶ ይቀድማል፣ ሶል ይከተላል፣ ሚ ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል ወይም ጭራሽ ሳይሰማ ይቀራል። ጠንከር አድርጌ ስጫን የእጄ አንጓ ይደነድናል እንጂ ድምፁ አይሻሻልም። ከዶ ሜጀር ወደ ፋ ሜጀር፣ ከዚያም ወደ ሶል ሜጀር ለመሻገር ስሞክር እጄ ከቁልፎቹ ላይ ፈጽሞ ስለሚነሣ ዜማው ቆሞ ይጠብቀኛል።

ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። ያንኑ የዶ ሜጀር አያያዝ እንዳለ ወደ ቀኝ አሸጋግሬ ሬ፣ ፋ፣ ላ ስጫን የማገኘው ድምፅ ብሩህነቱን አጥቶ ያዘነ ይመስላል። ጣቶቼ የተቀመጡት እንደ ቀድሞው አንድ ነጭ ቁልፍ እየዘለሉ ሆኖ ሳለ ኮርዱ ለምን ይለወጣል?

በመጨረሻም፣ የትዝታን ዜማ በቀኝ እጄ እየተጫወትሁ በግራ እጄ ዶ ሜጀርን ሳስከትል እጅግ ይስማማል፤ ፋ ሜጀርና ሶል ሜጀር ሲጨመሩ ግን ዜማው ከአገሩ የወጣ ያህል ይሰማኛል። ጥፋቱ የእጄ ነው ወይስ የኮርዶቹ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ነጭና_ጥቁር፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ባለክራሩ። ጀማሪዎችን ፒያኖ አስተምራለሁ። ጥያቄዎችዎን ከሬ፣ ፋ፣ ላ ጀምሬ ልመልስ፤ እሱ ከተፈታ ሜጀር ኮርድ ምን እንደሆነ በአንድ ጊዜ ግልጽ ይሆንልዎታልና።

ሜጀር ኮርድ የሚለካው በርቀት ነው። ከአንድ ቁልፍ እስከሚዋሰነው ቁልፍ ድረስ፣ ነጭም ሆነ ጥቁር ሳይለይ፣ ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ነው፤ ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ድረስ 12 ግማሽ ድምፆች አሉ። ሜጀር ኮርድን ለማግኘት ከመነሻው ድምፅ ወደ ቀኝ 4 ግማሽ ድምፅ ቆጥረው መካከለኛውን፣ ከመካከለኛው ደግሞ 3 ቆጥረው የላይኛውን ይይዛሉ። ሲቆጥሩ የቆሙበትን ቁልፍ አይቁጠሩት፤ ጀማሪ ሁሉ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከዶ ሲነሡ ዶ ሻርፕ (ከዶ በስተቀኝ የሚዋሰነው ጥቁር ቁልፍ) አንድ፣ ሬ ሁለት፣ ሬ ሻርፕ ሦስት፣ ሚ አራት ይሆናል፤ ከሚ ቀጥሎ ጥቁር ቁልፍ ስለሌለ ፋ አንድ፣ ፋ ሻርፕ ሁለት፣ ሶል ሦስት ይሆናል። አሁን በዚሁ መንገድ ከሬ ይቁጠሩ። አራተኛው ፋ ሻርፕ እንጂ ፋ አይደለም። እርስዎ የተጫኑት ከሬ 3፣ ከዚያ 4 ግማሽ ድምፅ የሚርቁትን ስለሆነ ያገኙት ሬ ማይነርን ነው። ዳርና ዳር ያሉት ሬና ላ በሁለቱም ኮርዶች አንድ ናቸው፤ ብሩህነቱንም ሐዘኑንም የሚወስነው ያ መካከለኛ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ ሁሉ ዘወትር የሚጠፋብዎ ሚ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሚ ካልተሰማ የተጫወቱት ሜጀር መሆኑን አድማጭ የሚያውቅበት መንገድ የለም።

ይህን አንዴ ከተረዱ አሥራ ሁለቱን ሜጀር ኮርዶች እየቆጠሩ ማግኘት ይችላሉ፤ እጅ ግን ከቁጥር ይልቅ ቅርጽን ቶሎ ይይዛል። ዶ፣ ፋ እና ሶል ሜጀር ሦስቱም ነጭ ናቸው። ሬ፣ ሚ እና ላ ሜጀር ዳርና ዳሩ ነጭ ሆኖ መካከሉ ጥቁር ነው። ሬ ፍላት፣ ሚ ፍላት እና ላ ፍላት (በስተግራ የሚዋሰኗቸው ጥቁር ቁልፎች) ደግሞ የእነዚህ ግልባጭ ናቸው፤ ዳርና ዳሩ ጥቁር፣ መካከሉ ነጭ ይሆናል። ፋ ሻርፕ ሁሉም ጥቁር ነው። ከቡድን ውጭ የሚቀሩት ሲ እና ሲ ፍላት ብቻ ናቸው፤ ሲ ሜጀር አንድ ነጭና ሁለት ጥቁር፣ ሲ ፍላት ሜጀር ደግሞ አንድ ጥቁርና ሁለት ነጭ አለው። ከዶ ቀጥሎ ሬ ሜጀርን እንዲለማመዱ እመክራለሁ። መካከለኛው ጣት በተፈጥሮው ረጅም ስለሆነ ጥቁሩን ቁልፍ ያለ ችግር ይደርስበታል፤ ለእጅ ምቾት ከዶ ሜጀር እንዲያውም ይሻላል የምል ሰው ነኝ፣ ምንም እንኳ ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ከዶ ቢጀምሩም።

ወደ ሚ መዘግየት ልመለስ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እጁ ወደ ትንሽ ጣት ማዘንበሉ ወይም መካከለኛው ጣት ተዘርግቶ ከቁልፉ በላይ አየር ላይ መንሳፈፉ ነው። በመጀመሪያ ምንም ሳይጫኑ አምስቱንም ጣቶች ከዶ እስከ ሶል ባሉት አምስት ነጭ ቁልፎች ላይ ያሳርፉ፤ ሌባ ጣትዎ ሬ ላይ፣ የቀለበት ጣትዎ ፋ ላይ ዝም ብለው ይቀመጡ። አውራ ጣት በጎኑ፣ ከጥፍሩ ጥግ ይነካል፤ ሌሎቹ ጎበጥ ብለው በጫፋቸው ይነካሉ። መካከለኛው ጣት ከሌሎቹ ይበልጥ ካልጎበጠ ከአውራ ጣትና ከትንሽ ጣት ጋር እኩል ሊወርድ አይችልም። ከዚያ ጣቶቹን ለየብቻ ሳያንቀሳቅሱ የክንድዎን ክብደት በሦስቱ ላይ አንድ ጊዜ ይልቀቁ። ቁልፉ መጨረሻው ከደረሰ በኋላ የሚጨመር ጉልበት ለድምፁ ምንም አይጨምርም፤ በእውነተኛው ፒያኖ መዶሻው ክሩን መትቶ ተመልሷልና። አንጓዎን የሚያደነድነው ይህ ትርፍ ጉልበት ነው።

ለጆሮ ደግሞ አንድ ልምምድ አለ። ኮርዱን ይዘው ሳይለቁ ሚን በገዛ ድምፅዎ ያዚሙ። መጀመሪያ ላይ አፍዎ ወደ ሶል ወይም ወደ ዶ ያመልጥብዎታል፤ የሁሉም ሰው ጆሮ የላይኛውንና የታችኛውን ድምፅ ቶሎ ይለያል። ሚን ከመካከል መዞ ማውጣት የቻለ ሰው ጣቱም ብዙ ሳይቆይ ይታዘዝለታል። ቀጥሎም ሚን ወደ ሚ ፍላት ያውርዱትና ልዩነቱን ያዚሙ።

የሠርግ_ኪቦርዲስት፦

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ መሣሪያው ጥቂት ነገር ነው።

በመጀመሪያ ትራንስፖዝ የሚለው ዜሮ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። እኛ በሠርግና በመድረክ የምንሠራ ሰዎች ለዘፋኙ ድምፅ እንዲስማማ ከፍና ዝቅ ስለምናደርገው፣ ያገለገለ ኪቦርድ ከሆነ የገዙት፣ ዶ ሲጫኑ ሌላ ድምፅ የሚሰጥ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ክራርዎን ከእሱ ጋር ሲቃኙ ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ይደበላለቃል። ሁለተኛ፣ ሪትምን ተከትሎ ኮርድ የሚሠራውን አውቶማቲክ አጃቢ ያጥፉት። በብዙ ኪቦርዶች ላይ በግራ በኩል በአንድ ጣት ዶን ብቻ ሲጫኑ ማሽኑ ራሱ ሚንና ሶልን፣ ቤዝና ከበሮን ጨምሮ ሙሉ ዶ ሜጀር ያሰማዎታል። ለገበያ የሚመች ነገር ነው፣ እንጀራችንም ነው፤ ለእጅ ግን ምንም አያስተምርም።

ሦስተኛው ለጥያቄዎ በቀጥታ ይጠቅማል። ኪቦርድዎ የጣት ኃይልን የሚለይ ከሆነ ያንን አገልግሎት ለጊዜው አጥፍተው ኮርዱን ይጫኑ። በዚያን ጊዜ ቀስ ብለውም ሆነ ጠንክረው ቢጫኑ የሁሉም ቁልፍ ድምፅ መጠን አንድ ይሆናል። ሚ አሁንም ወደ ኋላ ከቀረ ችግሩ የጊዜ ነው፣ ማለትም ጣቱ ዘግይቶ እየወረደ ነው፤ ሦስቱ እኩል ከተሰሙ ግን ችግሩ የክብደት ነው። መድኃኒታቸው ይለያያል። ድምፁን የሚያራዝመውን ሰስቴን ፔዳልም ለጊዜው ይተዉት፤ ስሕተትን ይሸፍናል። የኪቦርዱ ማቆሚያም ክርንዎ ከቁልፎቹ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ ይስተካከል፤ አልጋ ላይ ወይም ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ አድርጎ የሚለማመድ ሰው አንጓው መደንደኑ አይቀርም።

ባለክራሩ፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጣት ኃይል መለያውን አጥፍቼ ሞከርሁት፤ ሚ አሁንም ስለሚዘገይ የእኔ ችግር የጊዜ መሆኑ ተረጋግጧል። ጣቶቹን ቁልፉ ላይ አስቀድሞ ማሳረፉ ወዲያው ለውጥ አምጥቷል። ሬ ሜጀርም እንደ ተባለው ለእጄ ቀለለኝ። ክራር በግርፍ ስንመታ የማንፈልጋቸውን ክሮች በግራ እጅ ጣቶች አፍነን የምንፈልጋቸውን ብቻ እናስጮኻለን፤ የኮርድ ነገር ከዚያ ጋር ዝምድና እንዳለው አሁን እየታየኝ ነው።

የኮርድ ሽግግሩንና የትዝታውን ነገር አሁንም እጠብቃለሁ። በዚያው ላይ አንድ ልጨምር፦ በግራ እጄ ያንኑ ዶ፣ ሚ፣ ሶል በኪቦርዱ ግራ ጫፍ ላይ ስጫን ድምፁ ይጎረብጣል፣ ሦስቱም ተጨማልቀው አንድ ይሆናሉ። ይህስ ከምን የመጣ ነው?

ነጭና_ጥቁር፦

የመጨረሻው ከእጅዎ የመጣ አይደለም። እያንዳንዱ ድምፅ ከራሱ በላይ የሚደራረቡ ሌሎች ረቂቅ ድምፆችን ይዞ ይወጣል፤ በወፍራሞቹ ድምፆች አካባቢ እነዚህ በጣም ተቀራርበው ስለሚጋጩ ጆሮ ሊለያያቸው አይችልም። ሙሉውን ኮርድ በመካከለኛው ዶ አካባቢ ይያዙት፤ ይህም በባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ ከግራ ሦስተኛው ዶ ሲሆን፣ በባለ 88 ቁልፉ ፒያኖ ላይ ደግሞ አራተኛው ነው። ከዚያ በታች ግራ እጅዎ ዶን ብቻ ወይም ዶንና ሶልን ይያዝ፣ ሚን ለቀኝ እጅ ይተውለት። እንዲህ ሲዘረጋ ያው ሦስት ድምፅ ያለው ኮርድ በእጅጉ ጠርቶ ይሰማል።

ሽግግሩን በተመለከተ፣ እጅዎ የሚነሣው ሦስቱንም ኮርዶች ከመነሻ ድምፃቸው ጀምረው ስለሚይዙ ነው። የኮርዱ ድምፆች ግን ቅደም ተከተላቸውን ቢቀይሩም ኮርዱ ያው ነው። ፋ ሜጀር ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው፤ ዶን ከላይ ወደ ታች ብናመጣው ዶ፣ ፋ፣ ላ ይሆናል። ስለዚህ ከዶ፣ ሚ፣ ሶል ሲነሡ አውራ ጣትዎ ዶን ሳይለቅ ይቀመጣል፣ መካከለኛው ጣት ከሚ ወደ ፋ አንድ ግማሽ ድምፅ፣ ትንሽ ጣት ደግሞ ከሶል ወደ ላ አንድ ሙሉ ድምፅ (ሁለት ግማሽ ድምፅ) ይራመዳሉ። ከዶ ሜጀር ወደ ሶል ሜጀር ሲሄዱ በተራው ትንሽ ጣት ሶል ላይ ጸንቶ ይቆያል፤ አውራ ጣት ከዶ ወደ ሲ ይወርዳል፣ ሬን ደግሞ በመካከለኛው ሳይሆን በሌባ ጣት ይይዙታል፤ ሲ፣ ሬ፣ ሶል ማለት ነው። በሁለቱም ሽግግር አንድ ጣት ከቦታው ስለማይነቃነቅ እጁ መንገዱን አይስትም። ኢንቨርዥን ሲሉ የሚሰሙት ይኸው ነው።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ አለ። ቅደም ተከተሉ ሲቀየር ብሩህነቱን የሚሰጠው ድምፅ ሁልጊዜ በመካከል አይገኝም። በዶ፣ ፋ፣ ላ ውስጥ ከላይ ያለው ላ ነው፤ በሲ፣ ሬ፣ ሶል ውስጥ ከታች ያለው ሲ ነው። ቀደም ብለው ሚን እንዳዜሙት እነዚህንም እየፈለጉ ያዚሟቸው። ግራ እጅዎ ከታች ዶ፣ ፋ፣ ሶል እያለ መነሻዎቹን አንድ በአንድ ከተጫነላቸው ኮርዶቹ ማንነታቸውን አያጡም። ፍጥነቱን ደግሞ ከሽግግሩ ጋር ያስማሙት፤ ሳይቆሙ መሻገር የሚችሉበት ፍጥነት ምንም ያህል ዝግ ቢል እሱ ነው ትክክለኛው።

አምባሰል_በዋሽንት፦

የትዝታውን ጉዳይ ማንም ስላላነሣው እኔ ልሞክር።

ባለክራሩ፣ ጆሮዎ የነገረዎት እውነት ነው። ከዶ የሚነሣው ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ዶ ሜጀር ሦስቱም ድምፆቹ በቅኝቱ ውስጥ ስላሉ ከዜማው ጋር ተቃቅፎ ይሄዳል፤ ክራርዎን በዚህ ቅኝት ሲቃኙት እኮ ይህ ኮርድ አስቀድሞ በክሮቹ ላይ አለ። ፋ ሜጀር ግን ፋን፣ ሶል ሜጀር ደግሞ ሲን ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለቱም ከቅኝቱ ውጭ ናቸው። ነገሩ እንግዳ ድምፅ በመጨመር ብቻ አያበቃም። በትዝታ ሜጀር ውስጥ በግማሽ ድምፅ ርቀት የሚጎራበቱ ሁለት ድምፆች የሉም፤ የቅኝቱ ስፋትና ዝግታ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ፋ ሲገባ ከሚ ጋር፣ ሲ ሲገባ ከዶ ጋር በግማሽ ድምፅ ይጎራበታሉ፤ ወዲያውኑ አንዱ ወደ ሌላው የሚገፋ፣ የሚስብ ኃይል ይፈጠራል። ያ መሳሳብ የአውሮፓ ሙዚቃ የቆመበት ምሰሶ ነው፣ ትዝታ ግን አልጠየቀውም።

ታዲያ በግራ እጅዎ ምን ይያዙ? እኔ የምመርጠው መካከለኛውን ድምፅ ማውጣት ነው። ከሶል ሜጀር ሲን ቢያስወግዱ ሶልና ሬ ይቀራሉ፤ ሁለቱም የቅኝቱ ናቸው። በዚህ መንገድ ዶና ሶል፣ ሬና ላ፣ ሶልና ሬ፣ ላና ሚ አራቱም ጥንዶች ለግራ እጅ ይገኛሉ፤ ከሚ የሚነሣው ብቻ ሲን ስለሚጠይቅ አይሆንም። በፋ ሜጀር ቦታ ደግሞ ላ ማይነርን፣ ማለትም ላ፣ ዶ፣ ሚን መሞከር ይቻላል፤ ሦስቱም የቅኝቱ ልጆች ናቸው። ሙሉ ኮርድ ሆነው የሚቆሙልዎ እንግዲህ ዶ ሜጀርና ላ ማይነር ብቻ ናቸው፣ እነሱም ለብዙ የትዝታ ዜማ ይበቃሉ።

በሌሎቹ ቅኝቶች የሜጀር ኮርዱ መኖሪያ ይለያያል፤ ክራር ስለሚጫወቱ ይህን ማየቱ ደስ ይልዎታል ብዬ አምናለሁ። በባቲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ተብሎ በሚቃኘው፣ ዶ ሜጀር በመነሻው ላይ ተቀምጦ ይገኛል። በትዝታ ማይነር፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ሲሆን፣ በመነሻው ላይ የሚቆመው ማይነር ነው፤ ሜጀሩ ከላ ፍላት ይነሣል። አምባሰል ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ስለሆነ በዶ ላይ ሜጀርም ማይነርም ሊቆም አይችልም፣ ሚም ሚ ፍላትም የሉትምና፤ በእሱ ውስጥ ያለው ሜጀር ኮርድ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ሲሆን ፋ፣ ላ፣ ዶ የተሟላ ፋ ሜጀር ይሰጣል። ነገር ግን ኮርዱ በቅኝቱ ውስጥ ስለተገኘ ብቻ ደጋግሞ መጫን አደጋ አለው። ሜጀር ኮርድ ጠንካራ ነው፤ በአንቺሆዬ ዜማ ሥር ፋ ሜጀርን አዘውትረው ከያዙ የአድማጩ ጆሮ ፋን መነሻ አድርጎ ይቀበለዋል፣ ቅኝቱም ስሙ ብቻ ይቀራል። ለአምባሰልና ለአንቺሆዬ ግራ እጅ ዶን ብቻውን ይዞ ቢያሰማ፣ እንደ በገና ዝግ ብሎ ቢደጋግመው፣ ከየትኛውም ኮርድ የተሻለ ይመስለኛል።

የሠርግ_ኪቦርዲስት፦

በአክብሮት ጥቂት ልቃወም። አምባሰል_በዋሽንት የጻፉት ለብቻ ለሚጫወት ሰው ይሠራል፤ ባንድ ውስጥ ግን ከዚህ ሰፋ ያለ ነገር ለምደናል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ኦርኬስትራዎች ሳክስፎን፣ ጊታርና ኦርጋን ይዘው በአምስት ድምፅ ዜማ ሥር ከቅኝቱ የወጡ ኮርዶችን አስገብተዋል። ሙላቱ አስታጥቄም አሜሪካ፣ ቦስተን በርክሊ ከተማረ በኋላ የእኛን ቅኝቶች ከጃዝ ሐርመኒ ጋር አጋብቶ ኢትዮ ጃዝ የተባለውን ሙዚቃ ለዓለም አስተዋውቋል። ያንን ሙዚቃ ሰምቶ ከአገሩ ወጥቷል የሚል አድማጭ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለባለክራሩ የምለው፣ ፋ ሜጀር በትዝታ ውስጥ ክልክል አይደለም፤ ዜማው ላ ወይም ዶ ላይ አርፎ ሲቆይ ቢያስገቡት ያምራል፣ ሚ ላይ ቆሞ ሳለ ካስገቡት ግን ፋና ሚ ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ያ ጆሮዎን የጎረበጠው ምናልባት ኮርዱ ሳይሆን ያስገቡበት ቦታ ሊሆን ይችላል።

አምባሰል_በዋሽንት፦

የቦታው ነገር ልክ ነው፣ እቀበላለሁ። ይሁንና እነዚያ ሙዚቀኞች ከቅኝቱ የወጡት ቅኝቱን ጠንቅቀው ካወቁ በኋላ ነው፤ ለጀማሪ መጀመሪያ በቅኝቱ ውስጥ ያሉትን ኮርዶች አጥርቶ መያዙ ይቀድማል የሚለውን አልለቅም።

ባለክራሩ ወደፊት ኪቦርዱንና ክራሩን ከሌላ ሰው ጋር አብረው መጫወታቸው ስለማይቀር አንድ ነገር ጨምሬ ልተው። ክራር በጆሮ ሲቃኝ ዶና ሚ ያለ ምንም መንቀጥቀጥ እስኪስማሙ ድረስ ይከረራሉ፤ እንዲህ የተገኘው ንጹሕ ርቀት፣ ግማሽ ድምፅ በ100 ሴንት ሲለካ፣ ወደ 386 ሴንት ይጠጋል። የኪቦርዱ ሚ ደግሞ 12ቱ ግማሽ ድምፆች እኩል እንዲሆኑ ተብሎ የተስተካከለ ስለሆነ ከዶው በ400 ሴንት ይርቃል፣ ማለትም ከፍ ይላል። የሶሉ ልዩነት ከ2 ሴንት ስለማይበልጥ ማንም አይሰማውም። የሚው ግን፣ በተለይ በረጅሙ ሲያዝ፣ ይሰማል። አብራችሁ ስትጫወቱ ክራሩን ከኪቦርዱ ጋር ክር በክር አቃኑት፤ ወይም በራሱ ቃና እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ኪቦርዱ ዶንና ሶልን ብቻ ይያዝ፣ ሚን ክራሩ ይጫወተው።